በግላይደር ቋሚ ጅራት ውስጥ ዳይፖል አንቴና መትከልና ኬብሉን መሳብ

ጥያቄው፦ «ሙሉ በሙሉ ፋይበርግላስ የሆነ ባለአንድ መቀመጫ ግላይደር አለኝ። ከፋብሪካ የመጣው የሬዲዮ አንቴና በቋሚ ጅራቱ ውስጥ ተቀብሯል። አሁን ድምፄ የሚሰማው ቅርብ ስሆን ብቻ ነው፤ ለመናገር ቁልፉን ስጫን ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ቫሪዮሜትሩ (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያው) ይዘላል። አዲስ ዳይፖል (ሁለት እኩል ክንድ ያለው አንቴና) ሠርቼ እዚያው ልተክል አስቤያለሁ። ቁመቱ ስንት ይሁን? የትኛውን ኬብል ልጠቀም? በየት በኩል ልሳበው?»

ከሦስቱ ጥያቄዎች ከባዱ የመጨረሻው ነው። የዳይፖሉ ቁመት ቢሳሳት በመቀስ ይታረማል። ኬብሉ በተሳሳተ መንገድ ከተሳበ ግን ጉዳቱ ድርብ ነው። ራሱ እንደ ሦስተኛ የአንቴና ክንድ ሆኖ የሬዲዮውን ኃይል ወደ ኮክፒት ይዞ ይመለሳል፤ የቫሪዮሜትርዎ መዝለል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ከኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረው የጅራት ክፍል) መግፊያ ዘንግ አጠገብ በቅጡ ሳይታሰር የቀረ ኬብል አንድ ቀን ተላቆ መሪ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው መልሴ ስለ ኬብሉ ነው።

ጅራቱን ከመክፈትዎ በፊት አሮጌው አንቴና በእርግጥ መሞቱን ያረጋግጡ። በብዙ ግላይደሮች ኬብሉ ከመቀመጫው ኋላ ወይም ጅራቱ ሥር በኮኔክተር ይቀጠላል፤ ብልሽቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፦ የዛገ ፒን፣ እርጥበት የገባበት ኮኔክተር፣ ከሥሩ የተበጠሰ የሽቦ ሹሩባ (የኬብሉን የመሐል ሽቦ ዙሪያውን የሚሸፍነው)። በቴስተር ኦም መለካት ብቻውን አያስተማምንም። ተራ ዳይፖል በመሐል ሽቦውና በሹሩባው መካከል ክፍት ሆኖ ይነበባል፤ የማዛመጃ ቀለበት (አንቴናውን ከኬብሉ ጋር የሚያስማማ) ያለው አንቴና ደግሞ ደህና ሆኖ ሳለ ሾርት ያሳያል። ናኖ ቪኤንኤ የሚባለውን፣ አንቴናው በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ኃይል እንደሚመልስ በስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ይጠቀሙ። ከ110 እስከ 145 ሜጋኸርዝ አድርገው በሦስቱ ማስተካከያ ኮኔክተሮች ካስተካከሉት በኋላ የሬዲዮው ኬብል ጫፍ ላይ ይሰኩት። እያዩት ሌላ ሰው መገጣጠሚያዎቹን በቀስታ ያነቃንቅ። መስመሩ ከዘለለ ችግሩ ተገኘ፤ አዲስ አንቴና አያስፈልግም። የባትሪውን ቮልቴጅም ሬዲዮው በሚያሰራጭበት ቅጽበት ይለኩት። ደካማ ባትሪ ወይም የላላ የፊውዝ መያዣ ልክ እንደ ተበላሸ አንቴና ያስመስላል።

አንቴናው በእርግጥ ከሞተ ወደ ሥራው እንግባ። ዳይፖል ማሰብዎ ትክክል ነው። ባለአንድ ዘንጉ አንቴና ከሥሩ ሰፊ ብረት ይፈልጋል፤ ፋይበርግላስ ደግሞ ለሬዲዮ ሞገድ እንደ መስኮት መስተዋት ነው፣ ብረትን አይተካም። ዳይፖል ሁለተኛውን ግማሹን ራሱ ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጅራቱ እውነትም ፋይበርግላስ ከሆነ ነው። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱን ያፍነዋል። አንዳንድ ግላይደሮች ቆዳቸው ፋይበርግላስ ሆኖ በጅራቱ የኋላ ግድግዳ ወይም ጠርዝ ላይ የካርቦን ንጣፍ አላቸው፤ የጥገና መመሪያውን አይተው ያረጋግጡ።

ስለ ቁመቱ። የአቪዬሽን ድምፅ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ድረስ ይሠራል፤ መሐሉ ወደ 127.5 ነው። በዚያ ፍሪኩዌንሲ የሞገዱ ርዝመት 2.35 ሜትር፣ ሩቡ 59 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። እውነተኛ ክንድ ግን ከዚያ ያጥራል፤ ምክንያቱም ውፍረት አለው፣ ፋይበርግላሱም በላዩ ተለጥፎ ፍሪኩዌንሲውን ወደ ታች ይጎትተዋል። 25 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመዳብ ፎይል ቴፕ እያንዳንዱን ክንድ 58 ሴንቲሜትር አድርገው ይጀምሩ። ሲጨርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ52 እስከ 55 ይሆናል። ከሁለቱም ክንድ 1 ሴንቲሜትር ሲቆረጥ ፍሪኩዌንሲው በ2.3 ሜጋኸርዝ ያህል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በ5 ሚሊሜትር እየቆረጡ ይሂዱ። ሁልጊዜ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይቁረጡ። ቀጭን ሽቦ ርካሽና ቀላል ቢሆንም አልመክረውም። የሚሸፈነው ባንድ ከመሐሉ 15 በመቶ ያህል ስፋት አለው፤ ቀጭን ሽቦ ደግሞ በመሐሉ ጥሩ ሆኖ በዳርና ዳሩ ይደክማል። ሰፊ ፎይል ይህን ክፍተት ይሞላል።

ፎይሉን ጅራቱ ውስጥ እጅ አስገብቶ መለጠፍ በተግባር አይቻልም፤ ቢቻልም ይሸበሸባል፣ የተሸበሸበበት ቦታ በንዝረት ይሰነጠቃል። የሚሻለው አንቴናውን ጠረጴዛ ላይ ጨርሶ ማስገባት ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 35 ሚሊሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ቁመት ያለው የፋይበርግላስ ሰቅ ያዘጋጁ። ሁለቱን ፎይሎች በመሐል 10 ሚሊሜትር ክፍተት ትተው በላዩ ይለጥፉ። ፎይሉ ካጠረና መቀጠል ካስፈለገ በማጣበቂያው አይተማመኑ፤ መደራረቢያውን ዳር እስከ ዳር በሶልደር ይበይዱት። ሙጫው የሚያስተላልፍ ነው ተብሎ ቢሸጥ እንኳ ከዓመታት በኋላ መገናኛው ይላላል።

ኬብሉ ከክፍተቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የአንቴናው ልብ ነው። የውጭ ሽፋኑን 15 ሚሊሜትር ያህል ገፈው ሹሩባውን በአንድ ወገን ሰብስበው ይጠምዝዙ። የመሐል ሽቦው ከላይኛው ክንድ፣ ሹሩባው ከታችኛው ክንድ ጋር ይበየዳል። እነዚህ ሁለት ጭራዎች በረዘሙ ቁጥር የማይፈለግ ኢንዳክታንስ ይጨምራሉ፤ ከ15 ሚሊሜትር አያሳልፏቸው። ብየዳው ብቻውን ኬብሉን መሸከም የለበትም። ከብየዳው 3 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ኬብሉን በፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ከሰቁ ጋር ያስሩት፣ ከዚያ የተበየደውን ቦታ ይሸፍኑ። በሲሊኮን ከሸፈኑ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት አይጠቀሙ፤ የሚለቀው አሲድ መዳቡን ይበላዋል፣ ከጊዜ በኋላ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ፌራይት፣ ማለትም የማይፈለግ የሬዲዮ ጅረትን ወደሚያፍነው መግነጢሳዊ ሸክላ። ዳይፖል ሁለት እኩል ክንዶች አሉት፤ ኮአክሲያል ኬብል ግን እኩል አይደለም። ሹሩባው ከታችኛው ክንድ ጋር ስለተያያዘ ኃይሉ በሹሩባው የውጭ ገጽ ላይ ወደ ኮክፒት የመውረድ መንገድ ያገኛል። ይህን መንገድ የሚዘጉት ከብየዳው ቀጥሎ በኬብሉ ላይ የሚገቡ የፌራይት ቀለበቶች ናቸው። ቁጥር 43 የሚባለው የፌራይት ዓይነት ለዚህ ባንድ ይስማማል። ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር የሚረዝሙትን ቱቦ መሰል ቀለበቶች ይምረጡ፣ ኬብሉ ሳይጨናነቅ ሳይላላ የሚያልፍባቸውን። የእያንዳንዱ ቀለበት መግለጫ በ100 ሜጋኸርዝ ስንት ኦም እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ድምሩ ከ500 ኦም እንዳያንስ አድርገው ይደርድሩ፣ 1000 ቢሆን ይመረጣል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ቀለበት ይበቃል። ፌራይት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ በሚኮማተር ፕላስቲክ ይሸፍኗቸው። አለዚያ ስባሪው ጅራቱ ውስጥ ይወድቃል፣ ወይም ቀለበቶቹ ተንሸራትተው ከቦታቸው ይርቃሉ።

ፌራይቱ ሥራውን በደንብ የሚሠራው ኬብሉ ከክንዶቹ ጎን ለጎን ካልወረደ ነው። ከክፍተቱ እንደወጣ ከዳይፖሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ አግድም ይሂድ። ሙሉ ሩብ ሞገድ፣ ማለትም 59 ሴንቲሜትር ቢሄድ መልካም ነበር፤ ጅራቱ ግን ያን ያህል ስፋት አይኖረውም። ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር፣ ከተገኘ 30 ያርቁት፣ ከዚያ ወደ ታች ይታጠፍ። ሲታጠፍ ከ5 ሴንቲሜትር ያነሰ ራዲየስ አይስጡት። ኬብሉ ከታችኛው ክንድ ጋር ተጣብቆ ከወረደ ሞገዱ በቀጥታ ወደ ሹሩባው ይተላለፋል፤ የፈለጉትን ያህል ቀለበት ቢደረድሩ አያድንዎትም።

በጅራቱ ውስጥ ያለው ሌላው ጎረቤት የመግፊያ ዘንጉ ነው። ኤሌቬተሩ ከላይ በሚቀመጥበት ግላይደር ይህ የብረት ዘንግ ጅራቱን ከሥር እስከ ጫፍ ያቋርጣል፤ ቁመቱ ብዙ ጊዜ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ደግሞ የዳይፖልዎ ጠቅላላ ቁመት ነው ማለት ይቻላል! ስለዚህ ዘንጉ ራሱን የቻለ ሁለተኛ አንቴና ሆኖ ከእርስዎ ዳይፖል ኃይል ይቀበላል፣ መልሶም ያሰራጫል። የጣሪያ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና ዘንጎች እርስ በርስ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ውጤቱ ማዛመዱን ያበላሻል፣ ሬዲዮውንም በአንድ አቅጣጫ ጎበዝ በሌላው ደካማ ያደርገዋል። ዳይፖሉን በፊተኛው ጠርዝ፣ ከዘንጉ ጅራቱ የሚፈቅደውን ያህል አርቀው ያስቀምጡ፤ 25 ሴንቲሜትር መልካም ነው፣ ከ15 በታች አይሂዱ። የፊተኛው ጠርዝ ዘንበል ያለ በመሆኑ አይጨነቁ። 20 ዲግሪ ማዘንበል የሚያሳጣው ግማሽ ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። የውኃ ታንክ ጅራቱ ውስጥ ካለም ክንዶቹን ከእሱ ያርቁ፤ ታንኩ ሲሞላና ባዶ ሲሆን ፍሪኩዌንሲው ይቀያየራልና።

ቦታው ለ1.1 ሜትር የማይበቃ ከሆነ ጫፎቹን ማጠፍ ይቻላል። ኃይለኛው ጅረት የሚፈሰው በመሐል ነው፤ ከየጫፉ 10 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ቢታጠፍ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መሐሉ ግን ቀጥ ብሎ ይቁም።

ስለ ኬብሉ ዓይነት። ከጅራቱ እስከ መሣሪያ ሰሌዳው 6 ሜትር ያህል ይፈጃል። አርጂ-58 በዚህ ባንድ በሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ ከ6 ዋት ሬዲዮ 4.5 ዋት ያህሉ አንቴናው ጋ ይደርሳል። አርጂ-400 በመጠኑ ይሻላል፣ ወደ 4.8 ዋት። ይህ ልዩነት በአየር ላይ ማንም የሚሰማው አይደለም። ቢሆንም አርጂ-400ን እመርጣለሁ፤ ሹሩባው ድርብ ነው፣ የውስጥ ፕላስቲኩም ቴፍሎን ስለሆነ ሲበየድ አይቀልጥም። የአርጂ-58 የውስጥ ፕላስቲክ በብየዳ ሙቀት ይለሰልስና የመሐል ሽቦው ወደ ሹሩባው ይጠጋል፤ በዕለቱ ደህና መስሎ ከወራት በኋላ ሾርት ያደርጋል። ቀጭኑ አርጂ-174 ለመሳብ ምቹ ቢሆንም ከ6 ዋቱ 3.8 ያህሉን ብቻ ስለሚያደርስ ይተዉት። የቴሌቪዥን ኬብል 75 ኦም ነው፤ እዚህ የሚፈለገው 50 ነው። ኮኔክተርም ሲገዙ ያው ነው፤ ባለ50 ኦም ቢኤንሲ፣ ለገዙት ኬብል ልክ የተሠራ፣ በትክክለኛው መጨመቂያ የሚጨመቅ።

አሁን ወደ መሳቡ። ራደሩን (ከቋሚ ጅራቱ ኋላ ያለውን፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ክፍል) ማውረድ ግድ ይሆናል፤ ወደ ጅራቱ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከራደሩ ኋላ ያለው ቀዳዳ ነው። ኮኔክተሩን አስቀድመው አይግጠሙ፤ እርቃኑን ኬብል በትንሽ ቀዳዳ ማሳለፍ ይቀላል። ከኮክፒት በኩል ጠንካራ ሲባጎ በረጅም ቀጭን የፋይበርግላስ ዘንግ ገፍተው ወደ ጅራት ያድርሱ፣ ከኬብሉ ጋር አስረው ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ሌላ ሰው ከኋላ እየመገበ። ሁለተኛ ሲባጎ አብሮ ቢገባ ለወደፊቱ ይጠቅማል ብለው አያስቡ። ያልታሰረ ሲባጎ መሪ አጠገብ አይተውም።

ኬብሉ በቀጭኑ የኋላ አካል ውስጥ የመግፊያ ዘንጉና የራደሩ ገመዶች ከሌሉበት ወገን፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይሂድ። በየ25 ሴንቲሜትሩ ይታሰር። በሙጫ የሚለጠፉትን የፕላስቲክ ማሰሪያ መቀመጫዎች እዚህ ቦታ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ግላይደር በፀሐይ ቆሞ ውስጡ ሲግል ሙጫው ይለሰልሳል፣ መቀመጫው ይወድቃል፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ማንም አያየውም። ግድግዳውን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ያሻክሩ፤ ከሥሩ ፎም ያለው ስስ ቆዳ ስለሆነ አይግፉበት። በአልኮል ከጠረጉ በኋላ ኬብሉን 25 በ60 ሚሊሜትር በሆኑ የፋይበርግላስ ጨርቅ ቁራጮችና በኢፖክሲ ያጣብቁት። እጅ የማይደርስበት ርቀት ካለ ኬብሉን ቀድመው ከቀጭን የፋይበርግላስ ሰቅ ጋር በጠረጴዛ ላይ ያጣብቁና ሁለቱን አብረው ያስገቡ። ሰቁ ግትር ስለሆነ በሁለት ጫፎቹ ከተያዘ መሐሉ በቀላሉ አይዋልልም።

ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ ይህን ያድርጉ፦ በሁለት ማሰሪያዎች መሐል ያለውን ኬብል በጣትዎ ወይም በዘንግ ጫፍ ወደ መሪው አቅጣጫ ይሳቡት። ዘንጉን ከነካ እዚያ ሌላ ማሰሪያ ይጨመራል። አንድ ማሰሪያ ቢለቅስ ብለውም ይገምቱ፤ የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ኬብሉን ከዘንጉ ሊያርቁት ይገባል።

ከጅራቱ የሚመጡት የቫሪዮሜትርና የፍጥነት መለኪያ የአየር ቱቦዎች ለማሰሪያነት የተመቹ ይመስላሉ። አይሁኑ። ጥብቅ ማሰሪያ ለስላሳውን ቱቦ ይጨፈልቀዋል፤ ቫሪዮሜትሩ ይሳሳታል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ብዙ ይደክማሉ። ቱቦዎቹ ተነካክተው ከነበር የማፍሰስ ምርመራ ይደረግላቸው። ከኃይል ገመዶችና ከዩኤስቢ ቻርጀር ሽቦዎች ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ መሻገር ካስፈለገ አቋርጦ እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ። መሣሪያ ሰሌዳው ጋ ሬዲዮው ወጥቶ እንዲነቀል 25 ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ይበቃል።

መለካት። አንቴናውን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጅራቱ ውስጥ፣ በቦታው በጊዜያዊ ቴፕ ይዘው ይከርክሙት። ዝቅተኛው ኤስደብልዩአር (አንቴናው ከኬብሉ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳይ ቁጥር፣ ፍጹሙ 1) 1.4 ወይም 1.5 ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ ዳይፖል በተፈጥሮው 73 ኦም አካባቢ ነው፣ ኬብሉ 50፣ ከዚያ በላይ ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው። በባንዱ ዳርና ዳር ከ2 ካልበለጠ በቂ ነው። 2 ማለት 11 በመቶው ይመለሳል፣ 3 ማለት ሩቡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚታለሉበት ነገር አለ። ኬብሉ ራሱ ኃይል ስለሚበላ ከኮክፒት በኩል የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ያማረ ነው። 1 ዴሲቤል በሚበላ ኬብል ጫፍ ላይ ያለ ኤስደብልዩአር 3 የሆነ አንቴና ከኮክፒት 2.3 ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልኬት ከዳይፖሉ በቅርብ፣ ፌራይቶቹን ባለፈ አጭር ኬብል ይውሰዱ። መለኪያው በርቶ ሳለ ኬብሉን በእጅዎ ጨብጠው ወደ ላይ ወደ ታች ያሂዱ፤ መስመሩ ከተንቀሳቀሰ በሹሩባው ላይ ጅረት አለ፣ ቀለበት ይጨመር። ከዚያ ሌላ ሰው መሪውን ከፊት እስከ ኋላ ሙሉ ለሙሉ ይግፋና ይሳብ። መስመሩ ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ዳይፖሉ ለዘንጉ በጣም ቀርቧል፤ ሰቁን ከማጣበቅዎ በፊት ያርቁት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ግላይደሩ ከብረት መጋዘን ውጭ ቆሞ በባንዱ ታች፣ መሐልና ላይ ባሉ፣ ለእርስዎ በተፈቀዱ ፍሪኩዌንሲዎች ያሰራጩ። ለሙከራ ብለው 121.5ን አይንኩ፤ የአደጋ ጥሪ የሚጠበቅበት ነው። ቫሪዮሜትሩ አሁንም ከዘለለ አንድ ሁለት ፌራይት በሬዲዮው በኩል ባለው የኬብል ጫፍና በማይክሮፎኑ ሽቦ ላይ ያድርጉ። ድምፅዎ እያፏጨ ከወጣም መፍትሔው ያው ነው። ጫጫታ የሚሰማው ሌላ መሣሪያ ሲበራ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የአንቴናው አይደለም፤ አንድ በአንድ እያጠፉ ይለዩት።

ክብደቱንም አይርሱ። 6 ሜትር አርጂ-400 ወደ 380 ግራም ይመዝናል። አንቴናው ከነፌራይቱ 100 ግራም ቢሆንና ከክብደት ማዕከሉ 4 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ 260 ኪሎ በሚመዝን ግላይደር ላይ እሱ ብቻ ማዕከሉን 1.5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ያለው ኬብል ሲታከልበት 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ቀላል አብራሪ ከሆኑና ቀድሞውንም ወደ ኋለኛው ገደብ ተጠግተው የሚበሩ ከሆነ ዝቅተኛውን የመቀመጫ ክብደት ሊለውጥ ይችላል። አሮጌውን ኬብል ካወጡ መዝነው ይቀንሱት፣ አዲሱን ሒሳብ በግላይደሩ መዝገብ ያስገቡ።

ራደሩ ሲመለስ ራሱን የሚቆልፈው ነት አዲስ ይሁን፣ የሚሰነጠቅ ፒን ካለም እንዲሁ። የሁሉም መሪ ስፋት በመመሪያው ከተጻፈው ጋር ይመሳከር፤ ሥራውን ያልሠራ ሁለተኛ ሰው መሪዎቹን ለብቻው ይፈትሽ። ግላይደሩ የምስክር ወረቀት ያለው ከሆነ ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያ አይቶ ሲፈርም ነው። እሱን ሰቁን ከማጣበቅዎና ጅራቱን ከመዝጋትዎ በፊት ይጥሩት፤ ከተዘጋ በኋላ ማየት የሚችለው ነገር አይኖርም።